አልገባ ያለ ጥይት ሁሉ ጭመቃ አይፈልግም

በአሜሪካ የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስበው፣ ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ)፣ ባሩድና አረር ገዝተው የጠመንጃ ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው ደግመው የሚሞሉ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሰዎች መካከል አንድ ምክር ከሌላው ሁሉ በላይ ሥር ሰድዷል። የተሞላው ጥይት ወደ ቻምበሩ፣ ማለትም ጠመንጃው ጥይት ወደሚጎርስበት ክፍል፣ ሲገባ ከጠበቀና መቀርቀሪያው አልዘጋ ካለ «ዳዩን ትንሽ ወደ ታች አጥብቀው» ይባላል። ዳይ የሚባለው የተተኮሰውን ቀለሃ ጨምቆ ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመልሰው ብረት ነው። ይህ ካልሠራ ደግሞ የቀለሃውን ግርጌ ይበልጥ የሚያጠብ ልዩ ዳይ እንዲገዛ ይመከራል። ሁለቱም ምክሮች የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ የጠበቀ ጥይት ቀለሃው ያልተጨመቀ ጥይት ነው፣ መድኃኒቱም ተጨማሪ ጭመቃ ነው ከሚል እምነት። እኔ ይህ እምነት በአብዛኛው የተሳሳተ ነው፣ ልክ በሚሆንበት ጊዜም መጠኑን ስለማያውቅ ይጎዳል ባይ ነኝ። ጥብቀት በራሱ በሽታ አይደለም፤ ጥይቱ የሆነ ቦታ ላይ ብረት እንደነካ የሚናገር ምልክት ነው። የት እንደነካ ሳይታወቅ የሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ግምት ነው፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ደግሞ ግምት ከተኳሹ ፊት ጥቂት ጣት ርቆ የሚፈነዳ ነገር ነው።

ነገሩን በአንድ ጥይት ላይ እንየው። 308 ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1952 ለገበያ የቀረበ፣ ዛሬም በብዛት የሚሞላ ጥይት ነው። የአሜሪካ የስፖርት መሣሪያና የጥይት አምራቾች ተቋም፣ በአጭር መጠሪያው ሳሚ፣ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ለጥይትና ለቻምበር ልክ ሲያወጣ የኖረ ድርጅት ነው። በሳሚ ልክ መሠረት የ308 ቻምበር ከመቀርቀሪያው ፊት እስከ ትከሻው የመለኪያ መስመር ድረስ ከ1.630 እስከ 1.640 ኢንች ሊሆን ይችላል። ጥይቱ ራሱ ደግሞ በዚያው መስመር ከ1.627 እስከ 1.634 ኢንች ይፈቀድለታል። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል፤ የተፈቀደው ረጅሙ ጥይት ከተፈቀደው አጭሩ ቻምበር በ4 ሺኛ ኢንች ይበልጣል። ይህም የአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። እንግዲህ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ጥይት እንኳ ሕጉን ጠብቆ በአንዳንድ ጠመንጃ ውስጥ ጠበቅ ሊል ይችላል ማለት ነው። በሌላ ጠመንጃ ውስጥ ግን ያው ጥይት እስከ 6 ሺኛ ክፍተት ኖሮት ይንጓለላል። «ጠበቀ» እና «ላላ» የሚሉት ቃላት ያለ ቁጥርና ያለ ጠመንጃው ስም ምንም አይነግሩንም።

ጥይት በስንት ቦታ ነው ቻምበሩን ሊነካ የሚችለው? ትከሻው ወደ ፊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ግርጌው አካባቢ ወፍሮ ሊሆን ይችላል። ቀለሃው ከመጠን በላይ ረዝሞ አፉ ከቻምበሩ ጫፍ ጋር ተጋጭቶ ይሆናል። አንገቱ ወፍሮ፣ አረሩ ከልኩ ወጣ ብሎ ተተክሎ ከአፈሙዙ ጠመዝማዛ ጥርሶች ጋር ተላትሞ፣ ወይም አረሩ ሲተከል ከአንገቱ ሥር ለዓይን የማይታይ እብጠት ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ዳይን ማጥበቅ የሚያርመው ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያውን፣ በከፊል ደግሞ ሁለተኛውን ብቻ ነው። የቀሩት ወይ ዳዩ የማይነካቸው ናቸው፣ ወይ ደግሞ ቀለሃው ከዳዩ ከወጣ በኋላ የሚፈጠሩ ናቸው። በኋላ የመጣን ጥፋት ቀድሞ በተሠራ ሥራ ማረም አይቻልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ልጭመቅ?» ሳይሆን «የጠበቀው መቼ ነው?» የሚለው መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ከዳዩ የወጣውን ቀለሃ ፕራይመርም ባሩድም አረርም ሳይገባበት ወደ ቻምበሩ አስገብቶ መቀርቀሪያውን መዝጋት ይበቃል። ባዶው ቀለሃ ከጠበቀ ጥፋቱ ከጭመቃው ወይም ከቀለሃው ርዝመት ነው። ባዶው ያለ ችግር ከገባና አረር ሲተከልበት እምቢ ካለ ግን ዳዩ ንጹሕ ነው፤ ተጠያቂው አረሩ፣ የአንገቱ ውፍረት ወይም የአረር መትከያው አሠራር ነው። ቀጥሎ ባሩድና ፕራይመር የሌለውን፣ አረር ብቻ የተተከለበትን የሙከራ ጥይት በጥቁር ማርከር ቀብቶ ማስገባትና ማውጣት ነው። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ የተነካው ቦታ ነው። ትከሻው ዙሪያውን ከተፋቀ ትከሻው ነው፤ ከግርጌው ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ከታየ ግርጌው ነው፤ አረሩ ላይ እኩል የተራራቁ ትናንሽ ጭረቶች ካሉ አረሩ ከአፈሙዙ ጥርሶች ጋር ተገናኝቷል። ይህ ቀላል ፈተና እያለ ብዙ ሰው በቀጥታ የዳይ መፍቻ ማንሣቱ ያሳዝነኛል።

የተስፋፋው አመለካከት ስሙን ያተረፈበትን ቦታ አልክድም፤ እንዲያውም በደንብ ሊታይ የሚገባው እሱ ነው። ጠመንጃው ሲተኮስ በ308 እስከ 62,000 ፒ.ኤስ.አይ. የሚደርስ ግፊት ቀለሃው የተሠራበትን ናስ ከቻምበሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ ግፊቱ ሲወርድ ቀለሃው ጥቂት ተመልሶ ይሰበሰባል። ይህ ቀለሃ ዳይ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው ትከሻው ሳይሆን ገላው ነው። ገላው ከዙሪያው ሲጨመቅ ናሱ መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭብጥ ውስጥ የገባ ሊጥ በጣቶች መካከል እንደሚወጣ ማለት ነው። በዚህን ጊዜ ትከሻው ከተተኮሰበት ልክ ሁለት ሦስት ሺኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ፊት ይገፋል። ዳዩ በዚያ ላይ ካቆመ የሚገርም ነገር ይሆናል፤ ከመጨመቁ በፊት በዚያው ቻምበር ያለ ችግር ይገባ የነበረው ቀለሃ ከተጨመቀ በኋላ አልገባ ይላል። ግማሽ ጭመቃ ከምንም ጭመቃ የባሰ ቀለሃ ይሰጣል። ዳዩ ትንሽ ሲወርድ የራሱ ትከሻ የቀለሃውን ትከሻ ያገኝና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ «አጥብቀው» የሚለው ምክር እውነት ነው፤ የሞከረው ሰው ጥይቱ ሲገባለት ያያል፣ ምክሩንም ለሌላው ያስተላልፋል።

ጥፋቱ ምክሩ ምን ያህል እንደሚጠበቅ አለማወቁ ላይ ነው። በብዙ ዳዮች ሣጥን ውስጥ ያለው የተለመደ መመሪያ ዳዩን ቀለሃ ያዡን እስኪነካ አውርዶ ሩብ ዙር መጨመር ይላል። የዳዩ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር 71 ሺኛ ገደማ፣ ሩብ ዙር ደግሞ 18 ሺኛ ገደማ ነው። መቀርቀሪያው በእጅ ለሚሠራ ጠመንጃ ትከሻው ከተተኮሰበት ልክ መመለስ ያለበት አንድ ወይም ሁለት ሺኛ ነው። አንድ ሺኛ በዳዩ ላይ 5 ዲግሪ ያህል መዞር ነው፣ ሩብ ዙር ግን 90 ዲግሪ ነው። እርግጥ ነው፣ ዳዩ ቀለሃ ያዡን ከነካ በኋላ የሚጨመረው ዙር ሙሉ በሙሉ ወደ ትከሻው አይደርስም፤ አብዛኛው የፕሬሱን፣ ማለትም ዳዩ የተገጠመበትን መጭመቂያ፣ መለጠጥ ለማሸነፍ ይውላል። ምን ያህሉ እንደሚደርስ ግን በፕሬሱ ጥንካሬ፣ በቅባቱ ብዛትና በናሱ ድርቀት ይወሰናል። ስለዚህ በዓይን ወይም በእጅ ስሜት ማወቅ አይቻልም። የሚታወቀው ትከሻውን በሚይዝ መለኪያ ካሊፐር ላይ ተገጥሞ፣ የተተኮሰውና የተጨመቀው ቀለሃ ተራ በተራ ሲለኩ ብቻ ነው።

ከልክ በላይ መጭመቅ ዋጋ ያስከፍላል፣ ዋጋውም ወዲያው ስለማይታይ አደገኛ ነው። ትከሻው ወደ ኋላ የተገፋ ጥይት ቻምበሩ ውስጥ ሰፊ ቦታ ያገኛል። መርፌው ፕራይመሩን ሲመታው ጥይቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ግፊቱ ሲነሣ የቀለሃው ስስ የፊት ግድግዳ ቻምበሩን ይዞ ይቀራል፣ ወፍራሙ ግርጌ ግን እስከ መቀርቀሪያው ድረስ ወደ ኋላ ይጎተታል። በመካከል፣ ከጠንካራው ግርጌ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ናሱ ይለጠጣል፣ ይሳሳል። ቀጥሎ ያው ሰው ያንኑ ቀለሃ እንደገና ከልክ በላይ ይጨምቀዋል፣ ጠመንጃውም እንደገና ይለጥጠዋል። ከጥቂት ሙሌት በኋላ በዚያ ቦታ በውጭ የደበዘዘ ወይም የሚያበራ ቀለበት ይታያል። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ተልኮ ግድግዳው ሲዳሰስ ጎድጓዳ መስመር ይይዘዋል። ያ መስመር ሲበጠስ ግርጌው ይወጣል፣ የፊቱ ግማሽ ቻምበሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ የሚያመልጠው ጋዝም መንገድ ያገኘበት ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መቀርቀሪያው «እንዴት በቀላሉ ይዘጋል!» እየተባለ ነው። ምቾቱ የጥራት ምስክር ተደርጎ ተወሰደ፣ ናሱ ግን በውስጥ እያለቀ ነበር።

አሁን ወደ አረሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። አረር መትከያው ዳይ የቀለሃውን አፍ ወደ ውስጥ አጥፎ አረሩን የሚያስይዝበት ክፍል አለው። ዳዩ ከሚገባው በላይ ከወረደ፣ ወይም ቀለሃዎቹ እኩል ካልተቆረጡና አንዱ ከሌላው ከረዘመ፣ አፉ አረሩን ነክሶ ካቆመ በኋላም ግፊቱ ይቀጥላል። ያ ግፊት መሄጃ ሲያጣ አንገቱን ወደ ታች ገፍቶ ትከሻው ከአንገቱ የሚገናኝበትን ቦታ ያሳብጠዋል። እብጠቱ ጥቂት ሺኛ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ቻምበሩ ግን ያየዋል። ከአንድ ሣጥን ውስጥ አንዳንዱ ጥይት ሲገባ አንዳንዱ እምቢ ካለ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ነው፣ ምክንያቱም የቀለሃ ርዝመት ልዩነት በቀጥታ ወደ እብጠት ልዩነት ይለወጣል። ይህን አይቶ የመጭመቂያውን ዳይ የሚያጠብቅ ሰው ሁለት ጥፋት ይሠራል፤ እብጠቱ እንዳለ ይቀራል፣ ትከሻውም ያለ ምክንያት ወደ ኋላ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀለሃዎቹን እኩል መቁረጥና መትከያውን ዳይ ጥቂት ማንሣት ነበር።

የቀለሃ ርዝመት ከዚህም የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። የ308 ቀለሃ ከፍተኛ ርዝመቱ 2.015 ኢንች ነው፣ ሲቆረጥም ወደ 2.005 ይመለሳል። በየሙሌቱ ናሱ ወደ አንገቱ ስለሚፈስ ቀለሃው ይረዝማል፤ ጭመቃው በበዛ ቁጥር ፍሰቱም ይበዛል። ከመጠን ያለፈ ቀለሃ አፉ ከቻምበሩ ጫፍ ጋር ይጋጭና መቀርቀሪያው በኃይል ሲዘጋ አፉን በአረሩ ላይ ይቆነጥጠዋል። አረሩ ሊለቀቅ ባለበት ሰዓት ስለሚያዝ ግፊቱ ከተሰላው በላይ ይወጣል። ወፍራም አንገትም ይህንኑ ያደርጋል፣ በተለይ የአንድ ጥይት ቀለሃ አንገቱ ጠቦ ለሌላ ሲሠራ። እነዚህ ጥብቀቶች ከሁሉም የከፉ ሲሆኑ «በደንብ አልተጨመቀም» የሚለው መልስ ከፊታችን ይሸፍናቸዋል።

ስለ አረሩ ርዝመት ባጭሩ ልበል። በመጽሐፍ የተጻፈው የጥይት ጠቅላላ ርዝመት፣ ለ308 ከፍተኛው 2.810 ኢንች፣ የሚለካው እስከ አረሩ ጫፍ ነው። የአፈሙዙን ጥርስ የሚነካው ግን ጫፉ ሳይሆን ከጫፉ ዝቅ ያለው የአረሩ ሙሉ ስፋት ነው። ሁለት የተለያየ ቅርጽ ያላቸው አረሮች እኩል ርዝመት ላይ ተተክለው አንዱ ነጻ ሲሆን ሌላው ሊላተም ይችላል። የተላተመው አረር መቀርቀሪያው ሲከፈት አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ባሩዱን በጠመንጃው ሆድ ውስጥ ሊዘረግፍ ይችላል።

ግርጌ የሚያጠብ ዳይ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። ሰፊ ቻምበር ባለው መትረየስ ወይም በማያውቁት ጠመንጃ የተተኮሰ፣ ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ቀለሃ ግርጌው አካባቢ ሊያብጥ ይችላል፤ ተራ ዳይ ያን እብጠት ሙሉ በሙሉ ላያወርደው ይችላል። ግርጌው ላይ ቀበቶ ያለው እንደ 300 ዊንቸስተር ማግነም ያለ ቀለሃም ከቀበቶው በላይ ዳዩ በደንብ የማይደርስበት ሥፍራ አለው፣ ለዚያ የተሠራ ልዩ ዳይም አለ። ማርከሩ ግርጌው ላይ ከተፋቀ ዳዩን መግዛት ትክክል ነው። የምቃወመው ማርከሩ ሳይቀባ የሚገዛውን ነው። በገዛ ጠመንጃው የተተኮሰና በዚያው ጠመንጃ የሚተኮስ ቀለሃ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዳይ አይፈልገውም፤ ዳዩ ናሱን ይበልጥ እያደከመ የሌለ በሽታ ያክማል።

«የፋብሪካው መመሪያ እኮ ነው ሩብ ዙር የሚለው፣ አንተ ከፋብሪካው ታውቃለህ?» የሚል ይኖራል። መመሪያው ውሸት አይደለም። የተጻፈው ዳዩን ማን እንደሚገዛው፣ በየትኛው ፕሬስ እንደሚሠራበትና ቻምበሩ የት ላይ እንዳለ በማያውቅ ፋብሪካ ነው። ከ1.630 እስከ 1.640 ባለው ክልል ውስጥ ላለ ማንኛውም ጠመንጃ የሚገባ ጥይት እንዲሠራ ታስቦ የተሰጠ መነሻ ነው፣ እንደ መነሻም እቀበለዋለሁ። የሚሞላው ሰው ግን ፋብሪካው የሌለው አንድ ዕውቀት አለው፤ ጠመንጃው እጁ ላይ ነው፣ የተተኮሰውም ቀለሃ የዚያ ቻምበር ልክ ነው። ያንን ትቶ ለሁሉ በተጻፈ መነሻ ላይ መቆም ደግሞ መሙላት የሚሰጠውን ትልቁን ጥቅም መጣል ነው።

ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ ራሱን ከሚያጎርስ ጠመንጃ የሚነሣ ነው። እንደ ኤም 1 ጋራንድ ወይም ኤ.አር. 15 ባለ መሣሪያ ውስጥ መቀርቀሪያውን የሚዘጋው ምንጭ እንጂ የሰው ክንድ አይደለም፤ ጠበቅ ያለ ጥይት ያቆመዋል። በተጨማሪም በእነዚህ መሣሪያዎች መርፌው ልቅ ስለሆነ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ፕራይመሩን ቀስ ብሎ ይነካዋል። መቀርቀሪያው ሳይቆለፍ ጥይቱ ቢተኮስ ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ አላቃልለውም። መልሱ ግን ሦስት ወይም አራት ሺኛ ክፍተት ለክቶ መስጠትና እያንዳንዱ ፕራይመር ከግርጌው ዝቅ ብሎ መቀመጡን በጣት ማረጋገጥ ነው። ከሦስት እስከ አራት የሚለው ቁጥር ራሱ ከመለካት የመጣ ነው፤ እስከሚቻለው ድረስ መጭመቅ ይህን ፍርሃት አይመልስም፣ በግርጌ መበጠስ አደጋ ይተካዋል እንጂ።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው በኩል «የጠበቀ ጥይት ኢላማ ይመታል፣ መቀርቀሪያውን ጫን በለው» ይላል። በእጅ የሚሠራ መቀርቀሪያ የሚጎትትበት ተዳፋት ብዙ ኃይል ስለሚሰጠው ብዙ ነገር በግድ ያስገባል፣ የችግሩንም ምልክት ይደብቃል። ጥብቀቱ ከትከሻው ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ከቀለሃው አፍ ወይም ከአንገቱ ከሆነ ግን ግፊቱን ሳይታወቅ ከፍ ያደርጋል። እጅ ሁለቱን መለየት አይችልም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ የተስፋፋው ምክር ጨርሶ የማያስበው። ዳዩ በትክክል ተለክቶ ተቆልፎ እያለ ቀለሃዎቹ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሙሌት በኋላ መጥበቅ ሊጀምሩ ይችላሉ። ዳዩ አልተነቃነቀም፣ ቻምበሩም አልጠበበም። የተለወጠው ናሱ ነው፤ በየጊዜው ሲጨመቅና ሲለጠጥ ስለሚጠነክር ከዳዩ ሲወጣ ወደ ነበረበት ይበልጥ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ዳዩን ያጠበቀ ሰው ነገ ከአዲስ ቀለሃ ጋር ሲጠቀምበት ትከሻውን ከልክ በላይ ይገፋል። መደረግ ያለበት አንገቱንና ትከሻውን በእሳት አለስልሶ ጥንካሬውን መቀነስ ነው፣ እሳቱ ወደ ግርጌው ፈጽሞ እንዳይወርድ ተጠብቆ፤ ግርጌው ከለሰለሰ ግፊቱን የሚሸከም የለም። የተለያየ ፋብሪካና የተለያየ የሙሌት ቁጥር ያላቸው ቀለሃዎች በአንድ ዳይ ልክ አንድ ዓይነት ስለማይወጡም ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። ሁለት 308 ያለው ሰው የየጠመንጃውን ቀለሃ በየሣጥኑ አድርጎ፣ በክዳኑ ላይ የጠመንጃውን ስም፣ የሙሌቱን ቁጥርና ቀለሃው ሲተኮስ የተለካውን የትከሻ ልክ ቢጽፍ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጥይት ሲጠብቅበት ዳዩን ከመንካቱ በፊት የሚያነበው ነገር ይኖረዋል።